ከኤስኤስዲዬ ላይ ቦታው የት ገባ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ ብዙ ሳልርቅ፣ አንድ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ላፕቶፕ እጠግናለሁ። ቤቷ ጠባብ ናት። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ፣ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ የቻርጀር ዘለላ። ሰው የሚመጣልኝ ከኮዬ ፈጬ፣ ከቂሊንጦ፣ አንዳንዴም ከገላን ነው። ላፕቶፕ ታቅፎ መሀል ከተማ ድረስ በታክሲ መንገላታት ማን ይፈልጋል? ጥያቄያቸው ደግሞ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ «ኤስኤስዲው ላይ ቦታ ጠፋብኝ።» ኤስኤስዲ ማለት ላፕቶፑ ፋይል የሚያስቀምጥበት ዲስክ ነው።

በስልክ ስደጋግመው ከምውል ብዬ ጻፍኩት። ከሁሉም በፊት ግን አደራ፣ ፎርማት አታስደርጉት። «ፎርማት ሲደረግ ይስተካከላል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ችግሩን አላየውም። መጀመሪያ የጠፋው ቦታ የቱ ዓይነት እንደሆነ ይለይ። ከመጀመሪያውም ያልነበረ ቦታ አለ። ኖሮ ለማንም ያልተሰጠ አለ። እናንተ ሳታውቁ ሌላ የያዘው አለ። የአንዱ መፍትሔ ለሌላው አይሆንም።

256 ጂቢ ብዬ የገዛሁት 238 ነው የሚለው። ሸወዱኝ እንዴ?

አልተሸወዳችሁም። ይሄ ከመጀመሪያውም ያልነበረው ቦታ ነው።

ፋብሪካው አንድ ጂቢ የሚለው አንድ ቢሊዮን ባይት ነው። ዊንዶውስ ግን በ1,000 ሳይሆን በ1,024 ነው የሚያባዛው። ስለዚህ የእሱ አንድ ጂቢ 1,073,741,824 ባይት ነው። 256 ቢሊዮኑን ለዚህ ስታካፍሉት 238.4 ይመጣል። የሰዓት አቆጣጠራችንን አስቡት። እኛ ጠዋት 3 ሰዓት ስንል ፈረንጁ 9 ይላል። ፀሐይዋ ያችው ናት፤ 6 ሰዓት የሰረቀ ማንም የለም።

128 የተባለው 119 ይላል፣ 512 የተባለው 476፣ አንድ ቴራ የተባለው 931። 120 ደግሞ 111፣ 240 ደግሞ 223። የናንተ ከእነዚህ ጋር ከተቀራረበ ነገሩን እርሱት። ማክ ከስኖው ሌፐርድ ጀምሮ፣ ማለትም ከ2009 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ እንደ ፋብሪካው በ1,000 ነው የሚቆጥረው። ስለዚህ ያንኑ ውጫዊ ዲስክ ማክ ላይ አይቶ ዊንዶውስ ላይ የሰካ ሰው ደንግጦ ይመጣል።

የኔ ግን 238ም አይልም። 118 ነው የሚለው። ግማሹ የት ሄደ?

ይሄኛው ጥያቄ ደስ ይለኛል። ቦታው ብዙ ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ነው የሚገኘው።

አንዲት የሒሳብ ባለሙያ በወር መጨረሻ መጣች። ጥቁር ላፕቶፕ፣ ጠርዙ የተላጠ፣ የ«ኢ» ፊደሏ ቁልፍ የወለቀ። የሒሳብ ፕሮግራሟ ፒችትሪ ባክአፕ አልወስድም ብሏታል፤ ዲስኩ ሙሉ ነው። ከዓመት በፊት 128ቱን አውጥታ 256 አስገብታለች። የቀየረላት ሰው የድሮውን ዲስክ እንዳለ ክሎን አድርጎ ነው የሰጣት። ክሎን ሲደረግ ደግሞ ፋይሉ ብቻ አይደለም የሚገለበጠው፤ የፓርቲሽኑ፣ ማለትም ዲስኩ የተሸነሸነበት ክፍል፣ ልክም አብሮ ይገለበጣል። አዲሱ ዲስክ ሰፊ ነው፣ ዊንዶውሱ ያለበት ክፍል፣ ሲ፣ ግን የድሮ ልኩን ይዞ ቀረ። የተረፈውን ግማሽ ለማንም የሰጠው አልነበረም። እሷ ዓመቱን ሙሉ ፎቶ እየሰረዘች፣ የልጆቿን ቪዲዮ በፍላሽ እያወጣች ኖራለች።

አያያዙ ቀላል ነው። የስታርት ምልክቷን በቀኝ ክሊክ ንኩና «ዲስክ ማኔጅመንት»ን ክፈቱ። ከታች «ዲስክ 0» የሚል ረጅም ሳጥን አለ። አናታቸው ላይ ሰማያዊ መስመር ያላቸው የተሸነሸኑ ክፍሎች ናቸው። ጥቁር መስመር ያለው፣ «አንአሎኬትድ» የሚለው፣ ባለቤት የሌለው መሬት ነው። የእሷ ከሲ በስተቀኝ ተዘርግቶ ነበር። ሲን በቀኝ ክሊክ፣ «ኤክስቴንድ ቮሊዩም»፣ ኔክስት፣ ኔክስት፣ ፊኒሽ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «ዚስ ፒሲ» ላይ ሲ መሙላቱን የሚያሳየው ቀይ መስመር ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ዝም ብላ አየችው። ከዚያ «ዓመት ሙሉ እዚሁ ነበር?» አለችኝ።

አላስከፈልኳትም ብል ደስ ባለኝ። አስከፍያታለሁ፣ ግን የሻይ ያህል።

«ኤክስቴንድ ቮሊዩም» ደብዝዞ አልጫን አለኝ። ባዶው ቦታ ግን ይታየኛል።

ዊንዶውስ ሲን የሚያሰፋው ባዶው ከሲ በስተቀኝ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ከሆነ ብቻ ነው። መሀል ላይ ሌላ ፓርቲሽን ካለ ዘሎ አያልፍም። ከጓሮህ ወዲያ ባዶ መሬት ቢኖርም መሀል ላይ የጎረቤት ቤት ካለ አጥር ማስፋት እንደማትችለው ማለት ነው።

መሀል የቆመው ዲ ከሆነና ብዙ ነገር ከሌለበት ቀላል ነው። ፋይሉን ወደ ውጫዊ ዲስክ ገልብጡ፣ መገልበጡንም አንድ ሁለቱን ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ዲን «ዲሊት ቮሊዩም» በሉት። ሲ ይሰፋል። ብዙ ጊዜ ግን መሀል የሚቆመው «ሪከቨሪ» የሚባለው ነው። እሱን ወደ መጨረሻ ገፍቶ ባዶውን ከሲ ጎን ማምጣት ያስፈልጋል። ይሄን የዊንዶውሱ ዲስክ ማኔጅመንት አይሠራውም። እኔ በነፃ የሚገኘውን የፓርቲሽን ማስተካከያ ፕሮግራም፣ ጂፓርትድን፣ ፍላሽ ላይ ጭኜ፣ ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነስቼ ነው የምሠራው። ቀድማችሁ ዊንዶውሱ ላይ «ፋስት ስታርትአፕ»ን አጥፉት። ያ ካልጠፋ ላፕቶፑ የተዘጋ ቢመስልም ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነው፤ ጂፓርትድም ድራይቩን አልነካም ይላል። ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ ከሆነም መጀመሪያ እሱ ይፈታ።

ታዲያ ራሴ ብሠራው ምን ይደርስብኛል?

ማስፋት ሌላ፣ ማንቀሳቀስ ሌላ ነው። ኤክስቴንድ ማድረግ በአብዛኛው የድንበሩን ቁጥር መቀየር ነው፤ በሰከንዶች ያልቃል። ፓርቲሽን ማንቀሳቀስ ግን እያንዳንዱን ባይት ከዚህ አንስቶ እዚያ ማስቀመጥ ነው። ሪከቨሪ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ሲን ራሱን ማንቀሳቀስ ግን እንደ ዲስኩ ፍጥነት ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። መሀል ላይ ከተቋረጠ ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ሆኖ ይቀራል።

የማወራው ደርሶብኝ ነው። የራሴ ላፕቶፕ ባትሪው የሞተ ነበር፤ ቻርጀር ከተነቀለ እዚያው ነው የሚጠፋው። ክረምት ነበር፣ ቅዳሜ ከሰዓት። ሲን ወደ ግራ እየገፋሁ ነው። መስመሩ ከግማሽ አልፏል። ደጅ ነጎድጓድ ተሰማ፣ ቀና አልኩ፣ መብራቱ ድርግም። ማታ ሲመጣ ዊንዶውስ የለም፣ ሲ «ሮው» ሆኗል፤ ዊንዶውስ ሊያነበው አይችልም ማለት ነው። በፋይል ማውጫ ፕሮግራም ብዙውን ፎቶ አወጣሁት፣ ግን ስም የለውም፣ ፎልደር የለውም። የእህቴን ሠርግ ፎቶዎች ከአሳሹ ካሽ (ጊዜያዊ ማከማቻ) ከወጡ ጥቃቅን ምስሎች መሀል አንድ በአንድ ለቅሜያለሁ።

ከዚያ ወዲህ ባትሪው ቢያንስ አንድ ሰዓት የማይዝ ላፕቶፕ ላይ ፓርቲሽን አላንቀሳቅስም። ወይ መብራት ሲሄድ ኃይል በሚሰጠው ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ላይ ይሰካል፣ ወይ ዲስኩ ወጥቶ ደህና ባትሪ ባለው ላፕቶፕ ላይ ይሠራል። በኛ ሰፈር መብራት ላይ መወራረድ ጅልነት ነው። ዩፒኤስም ኖሮ አስፈላጊው ፋይል መጀመሪያ ውጭ ይገልበጥ።

ሪከቨሪ ፓርቲሽኑን ባጠፋውስ?

ልኩን እዩ። ከ500 ሜጋ እስከ 1 ጂቢ አካባቢ ከሆነ ተዉት፤ ዊንዶውስ መነሳት ሲያቅተው የሚጠገንበት መሣሪያ እሱ ውስጥ ነው፣ ብታጠፉትም የምታተርፉት ነገር የለም። ከ10 እስከ 20 ጂቢ ከያዘ ግን ፋብሪካው ያስቀመጠው የመጀመሪያው ዊንዶውስ ቅጂ ሊሆን ይችላል። በዊንዶውስ 7 ወይም 8 ዘመን የተሸጡ ላፕቶፖች ላይ የተለመደ ነው። ዊንዶውስ 10 ካስጫናችሁ ቆይታችሁ ከሆነ ያ ቅጂ ወደ ድሮው ከመመለስ በቀር አይጠቅማችሁም። መጫኛ ፍላሽ አዘጋጅታችሁ ልታጠፉት ትችላላችሁ።

«ኢኤፍአይ» የምትለዋን 100 ሜጋ አካባቢ ግን እንዳትነኳት። እሷ ከጠፋች ላፕቶፑ አይነሳም።

ኢንተርኔት ላይ «ዲስክፓርት ከፍተህ ክሊን በል» የሚል ምክር ስታዩም ቆም በሉ። ስሙ ማጽዳት ይመስላል። የሚያጸዳው ግን ቆሻሻውን አይደለም፣ የዲስኩን ክፍፍል በሙሉ ነው። «አጽዳሁትና ባዶ ሆነ» ብሎ የመጣልኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉ ለአማካሪው በኢሜይል የላከው ቅጂ ስለነበረ ብቻ ነው የተረፈው።

ሲ ቀይ ሆኗል። ፋይሎቼን ስደምራቸው ግን ግማሹንም አይሞሉም።

እንግዲህ ይሄ ሌላ የያዘው ቦታ ነው። በግምት ከመሰረዝ በፊት ማን እንደያዘው እዩ። ዊዝትሪ ወይም ዊንዲርስታት የሚባሉ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ። ዲስኩን በባለቀለም አራት ማዕዘኖች ይስሉታል፤ ትልቁ ሳጥን ትልቁ ፋይል ነው። «አድሚኒስትሬተር» አድርጋችሁ ክፈቱት፣ አለዚያ የተደበቁትን አያሳይም።

ብዙ ጊዜ የማገኘው ሃይበርኔሽን ነው። ላፕቶፑ ሲያንቀላፋ ራም (ጊዜያዊ የሥራ ማህደረ ትውስታው) ላይ ያለውን የሚገለብጥበት «ሃይበርፊል» የሚባል ፋይል አለ። ዊንዶውስ 10 ላይ ሲጀመር የራሙን 40 በመቶ ያህል ይይዛል። 8 ጂቢ ራም ላለው ከ3 ጂቢ በላይ ማለት ነው። ዊንዶውስ 7 ላይ 75 በመቶ ነበር። 128 ኤስኤስዲ ላለው ሰው ትንሽ አይደለም። የማትጠቀሙበት ከሆነ ኮማንድ ፕሮምፕትን በአድሚኒስትሬተር ክፈቱና፣ በስልክ እንደምለው ልበል፦ ፓወር ሲኤፍጂ፣ ክፍተት፣ ስላሽ ኤች፣ ክፍተት፣ ኦፍ፣ ኢንተር። «ፓወር» በሙሉው ይጻፋል፣ ሲኤፍጂ ሦስት ፊደል ሆኖ ሳይለያይ ይቀጠልበታል። ፋይሉ ያኔውኑ ይጠፋል። ፋስት ስታርትአፕም አብሮ ይጠፋል፤ ኤስኤስዲ ላይ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ያላችሁ ግን መብራት ሲሄድ ይሄ ያድነናል ብላችሁ ካቆያችሁት ተሳስታችኋል። ሃይበርኔት ለማድረግም እኮ የተወሰነ ሰከንድ ኃይል ያስፈልጋል።

ቀጥሎ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ»። ከአንዱ የዊንዶውስ ትውልድ ወደ ሌላው ስትሸጋገሩ የድሮው በዚህ ስም ይቀመጣል። 20 ጂቢ ሲይዝ አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ውስጥ ራሱ ይጠፋል፤ ዊንዶውሱ በፍላሽ ላዩ ላይ ከተጫነ ግን ተቀምጦ ሊቀር ይችላል። ይህንን በእጅ አትሰርዙት፣ አልሰረዝም እያለ ያደክማችኋል። ዲስክ ክሊንአፕን ከፍታችሁ «ክሊን አፕ ሲስተም ፋይልስ» በሉት። «ፕሪቪየስ ዊንዶውስ ኢንስታሌሽንስ» ብሎ ይዘረዝረዋል። መጀመሪያ ግን ውስጡ የድሮ ዶክመንታችሁ እንዳልቀረ እዩ።

እዚያው ዝርዝር ላይ፣ ወይም በሴቲንግስ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ስር፣ «ዳውንሎድስ» የሚል ሳጥን ልታገኙ ትችላላችሁ። ቲክ አታድርጉት። እሱ ቆሻሻ አይደለም፤ የራሳችሁ ያወረዳችሁት ሁሉ ያለበት ፎልደር ነው። «ሁሉንም ምረጥ» ብሎ የልጁን የትምህርት ማስረጃ ስካን ያጠፋ አባት አውቃለሁ።

ሌላው «ሲስተም ሪስቶር» ነው፤ ዊንዶውሱን ወደ ቀድሞ ሁኔታው ለመመለስ የሚቀመጥ ነው። የሚይዘው ልክ በመቶኛ ይወሰናል፤ ገብታችሁ ዝቅ አድርጉት፣ ሙሉ በሙሉ ግን ባታጠፉት እመርጣለሁ። ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ባሉት ዊንዶውሶች ላይ ደግሞ «ሪዘርቭድ ስቶሬጅ» የሚባል አለ። ለአፕዴት ብሎ 7 ጂቢ ገደማ ቀድሞ ይይዛል። እሱን ለማስለቀቅ መታገል አያዋጣም። ዛሬ ብታስለቅቁት ነገ አፕዴት ሲመጣ ያው ይጠይቃችኋል።

ቴሌግራም ይሄን ያህል ቦታ ይይዛል?

ይይዛል እንጂ! እኛ አገር ላፕቶፕ ከፍቼ ትልቁን ሳጥን ሳይ ብዙ ጊዜ ስሙ እሱ ነው። የቻናሉ ፊልም፣ የግሩፑ ፒዲኤፍ፣ የሠርግ ቪዲዮ፣ የመንፈሳዊ ትምህርት ድምፅ፣ ሁሉም ይወርዳል።

ሁለት ቦታ ነው የሚቀመጠው። አንደኛው ካሽ ነው። ቴሌግራም ውስጥ ሴቲንግስ፣ «አድቫንስድ»፣ «ማኔጅ ሎካል ስቶሬጅ» ገብታችሁ ታጸዱታላችሁ፣ ጣሪያም ታበጁለታላችሁ። መልእክታችሁ አይጠፋም፤ ሚዲያው ቻናሉ ላይ እስካለ ድረስ እንደገና ይወርዳል። ሁለተኛው ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባለው ፎልደር ነው። ካሹን ብታጸዱ እሱ አይነካም። እዚያ ውስጥ ያንኑ ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ 2፣ 3፣ 4 እየተጻፈበት አራት ጊዜ ወርዶ ታገኙታላችሁ። በመጠን ደርድሩትና ከላይ ጀምራችሁ ቁረጡ። አውቶማቲክ ዳውንሎዱንም አጥፉት፤ ለዳታ ጥቅላችሁም ይበጃል።

ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ «ዊንኤስኤክስኤስ» የሚባል ትልቅ ነገር አየሁ። ልሰርዘው?

አይ። ልኩም እንደሚታየው አይደለም፤ አንዱ ፋይል በሁለት ቦታ ስለሚታይ ሁለቴ ይቆጠራል። ዲስክ ክሊንአፕ የሚቀንሰውን ይቀንስላችሁ።

«ሜሞሪ ሞልቷል» ይለኛል። ራም ላስጨምር?

ሁለቱንም «ሜሞሪ» ማለት ስለለመድን ነው ግራ የሚያጋባው። ፋይል የሚቀመጥበት ኤስኤስዲው ነው። ራም የሥራ ጠረጴዛ ነው፤ ላፕቶፑ ሲዘጋ ይጸዳል። ሲ ቀይ ከሆነ ራም ቢጨመር ቦታ አይገኝም። እንዲያውም ሃይበርኔሽኑ ካልጠፋ ያ ፋይል ከራሙ ጋር ያድጋል።

የማስታወቂያ ተንኮልም አለ። ያገለገለ ላፕቶፕ «20 ጂቢ ሜሞሪ» ተብሎ ካያችሁ 4 ጂቢ ራምና 16 ጂቢ ኦፕቴን ተደምሮ ሊሆን ይችላል። ኦፕቴን ኢንቴል ሃርድ ዲስክን ለማፍጠን የሠራው ነገር ነው፤ ራም አይደለም፣ ፋይልም አታስቀምጡበትም። ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ በነበሩት ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይም 24 ወይም 32 ጂቢ የሆነች ትንሽ ኤስኤስዲ ለዚሁ ሥራ ትገባ ነበር። «ኤስኤስዲ አለው ተብዬ ገዛሁ፣ ግን የለም» የሚሉኝ አብዛኞቹ ይቺው ናት ያለቻቸው። ሻጩ አልዋሸም፣ ግን እውነቱንም አልነገራቸውም።

ፎልደሮቼ አይታዩም፣ ቦታው ግን እንደተያዘ ነው።

ፍላሽ ላይ ከሆነ ሾርትከት ቫይረስ ነው ብላችሁ ጀምሩ። ፋይሉን አይሰርዘውም፤ ይደብቀውና በስሙ ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን አትክፈቱ፣ ፎርማትም አታድርጉ። መጀመሪያ ላፕቶፑ በአንቲቫይረስ ይጽዳ፣ ከዚያ የተደበቀው ይገለጥ።

ኤስኤስዲ ሲያረጅ ቦታው እየቀነሰ ይሄዳል?

አይሄድም። ጎማ እያለቀ ሲሄድ እንደሚሳሳው አይደለም። የተበላሸ ክፍል ሲኖር ኤስኤስዲው ከመጠባበቂያው ይተካዋል፣ የሚያሳያችሁ ቁጥር ያው ነው። መጠባበቂያው ሲያልቅ ወይ መጻፍ እምቢ ይላል፣ ወይ ጨርሶ አይታይም።

ስለዚህ የዲስኩ ጠቅላላ ቁጥር ራሱ ከተለወጠ፣ ለምሳሌ ትናንት 238 የነበረው ዛሬ በሜጋ የሚቆጠር ከሆነ፣ ያ የቦታ ጥያቄ አይደለም። ከታወቁት አንዱ በ2011 እ.ኤ.አ. የኢንቴል 320 ሲሪስ ነው። ኃይል በድንገት ሲቋረጥበት አንዳንዱ ዲስክ ሲነሳ 8 ሜጋባይት ነኝ ይል ነበር። ኢንቴል ችግሩን አምኖ በዚያው ዓመት የፈርምዌር፣ ማለትም ዲስኩን ከውስጥ የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ማስተካከያ አወጣ። በርካሾቹ ዲስኮች ላይ ደግሞ ስሙ ራሱ ተቀይሮ «ሳታፈርም ኤስ11» የሚል ካነበባችሁ ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ቺፕ ችግር ላይ ነው። እንዲህ ያለው ላይ ምንም አትጫኑ፣ ምንም አትሞክሩ። ፋይሉ አስፈላጊ ከሆነ ዳታ ለሚያወጣ ሰው ይሰጥ።

ጤንነቱን ለማወቅ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ይበቃል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው። ቢጫ ካለ ዛሬውኑ ገልብጡ፣ ነገ አትበሉ።

2 ቴራ ኤስኤስዲ በጣም ርካሽ አገኘሁ።

ዋጋው ከሌሎቹ እጅግ ከወረደ አትመኑት። ውስጡ 64 ጂቢ ሆኖ 2 ቴራ ነኝ እንዲል የተደረገ ዲስክ አለ። ስትገለብጡበት እሺ ይላል። ከልኩ ሲያልፍ ግን አዲሱን በአሮጌው ላይ ይጽፋል፤ የምታውቁት ፊልሙን ልታዩ ስትሉ ነው። ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም ዲስኩን ሙሉ በሙሉ ጽፎ መልሶ ያነበዋል። ረጅም ሰዓት ይፈጃል። መመለሻ ቀን ሳያልፍ አድርጉት፣ ባዶ ሳለ።

ማክ ነው ያለኝ። ሰርዤ ሰርዤ ቦታው አልተመለሰም።

ትራሹ ባዶ ከሆነ ምናልባት ስናፕሾት ነው። የማኩ ባክአፕ መውሰጃ፣ ታይም ማሽን፣ ከበራ ማኩ ውስጡ ላይም ቅጂ ይይዛል፤ የሰረዛችሁት እዚያ ውስጥ አለ። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ውስጥ ይለቀቃል፣ ቦታ ሲጠብም ራሱ ይለቃል። የአይፎን ባክአፕ ላፕቶፑ ላይ እንደሌለም እዩ፤ የተሸጠ ስልክ ባክአፕ ዓመታት ተቀምጦ አግኝቻለሁ።

የሰረዝኩትን ፋይል መመለስስ ይቻላል? ዲፍራግስ?

ሃርድ ዲስክ ላይ ቢሆን ተስፋ ነበረው። ኤስኤስዲ ላይ ግን ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ «ትሪም» የሚባል ነገር አለ። ፋይል ሲሰረዝ ዊንዶውስ «ይህን አልፈልገውም» ብሎ ለዲስኩ ይነግረዋል፤ ዲስኩም በትርፍ ጊዜው ያጠፋዋል። ሪሳይክል ቢን ውስጥ ከሌለና ጥቂት ከቆየ አብዛኛውን ጊዜ አለቀ። ዲፍራግ፣ ማለትም የተበታተነ ፋይልን ማሰባሰብ፣ አያስፈልገውም፤ ዊንዶውስ በየሳምንቱ ራሱ ትሪም ያደርግለታል። ከ10 እስከ 20 በመቶ ባዶ ተዉለት፤ አፍንጫው ድረስ የሞላ ኤስኤስዲ ሲጽፍ ይንቀራፈፋል።

ሁሉንም አደረግኩ። አሁንም አልበቃኝም።

እንግዲያው መግዛት ነው። መጀመሪያ ግን ላፕቶፑ የሚቀበለው ምን ዓይነት እንደሆነ ይታወቅ። የቆዩት ብዙዎቹ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ናቸው። ከዚያ በኋላ የመጡት ኤም ዶት ቱ የሚባለውን፣ እንደ ማስቲካ ቀጭኑን ይወስዳሉ። እሱም ሁለት ዓይነት ነው፣ ሳታ እና ኤንቪኤምኢ። ቀዳዳው አንድ ይመስላል፣ ሳታ ብቻ የሚያነብ ላፕቶፕ ግን ኤንቪኤምኢውን አያየውም። የድሮውን ዲስክ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ። ርካሾቹ ትናንሽ ላፕቶፖች ላይ 32 ወይም 64 ጂቢዋ ቦርዱ ላይ የተበየደች ናት፤ እሷ አትቀየርም። ለእነሱ ያለው ውጫዊ ዲስክ ወይም ሜሞሪ ካርድ ነው።

ላፕቶፑ የዲቪዲ ማጫወቻ ካለው ደግሞ አዲስ የሚያስገባበት ቦታ አለው። ማጫወቻው ይወጣና በቦታው ዲስክ የሚይዝ ማቀፊያ፣ ካዲ፣ ይገባል። ውፍረቱ 9.5 ወይም 12.7 ሚሊ ነው፤ ለክታችሁ ግዙ። ዊንዶውሱ ኤስኤስዲው ላይ ይቀራል፣ የድሮው ሃርድ ዲስክ ካዲው ውስጥ ለፊልሙና ለፎቶው ይሆናል።

ክሎን ካስደረጋችሁ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ዲስክ ማኔጅመንት ተከፍቶ «አንአሎኬትድ» የሚል እንዳልቀረ እዩ። የድሮውንም ዲስክ ለሁለት ሳምንት አትንኩት። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት።